በሰሜን ተራሮች ግርጌ የማባበያ አደን ያዋጣ ይሆን?

ጨውና በቆሎ፣ ሕግና ሒሳብ

አደን በውጭው ዓለም ብዙ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ንግድ ነው። በአሜሪካ እንደ ቴክሳስ ባሉ ግዛቶች የአደን ወቅት ሲቃረብ በቆሎ በከረጢት እየተሞላ የሚሸጠው ለሰው ወይም ለከብት ብቻ አይደለም፤ ለዱር አጋዘንም ነው። ገዢው አዳኙ ነው። በቆሎውን በተከራየው ወይም በራሱ መሬት ላይ ይበትናል፣ አውሬው ቦታውን እስኪለምድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ያነጣጥራል። ይህን እያየ የኖረ የአገር ልጅ ለበዓል ወደ ደባርቅና ዳባት ሲመጣ ገብሱን በጎተራ፣ ጨውን በገበያ፣ ቀንዳሙን አውሬ ደግሞ ገደል ላይ ያያል። «ይህን ሥራ እዚህ ለምን አንጀምረውም?» ቢል አይፈረድበትም።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። መልሱ ግን ባጭሩ ይህ ነው፤ ማባበያ ወቅቱን፣ ቦታውንና ሕጉን ጠብቆ ሲቀርብ የሚሠራ ዘዴ ነው። በሰሜን ተራሮች ግን ሦስቱ አይገናኙም። ገንዘቡን እዚያ የሚያፈስ ሰው የሚያተርፈው ክስ ነው። ይህ እንዲሁ በደፈናው የተባለ እንዳይመስል፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ስሙ አጋዘን፣ አውሬው ሌላ

በቅድሚያ ስም እናጥራ። በአሜሪካና በአውሮፓ በማባበያ የሚታደነው፣ በየዓመቱ ቀንዱን አራግፎ አዲስ የሚያበቅለው እንስሳ በእኛ አገር የለም። በመላው አፍሪካም ቢሆን የዚያ ወገን የሆነ የዱር አውሬ በተፈጥሮ የሚገኘው በአልጄሪያና በቱኒዚያ አካባቢ ብቻ ነው። እኛ «አጋዘን» የምንለው ጠምዛዛ ቀንድ ያለው የቆላ አውሬ ነው። በባሌና በአርሲ ተራሮች ያለውና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኘው ደግሞ ደጋ አጋዘን ይባላል። እነዚህ ሁሉ ቀንዳቸውን ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመው የሚኖሩ ናቸው።

ወደ ደባርቅ ስንመጣ በጫካው ድኩላ፣ በቁጥቋጦው ሚዳቋ፣ በዓለቱ ላይ ሰስ አለ። ከሁሉም በላይ ስሙ የገነነው ግን ዋሊያ ነው። ዋሊያ የዱር ፍየል ወገን ሲሆን በዓለም ላይ ያለው በሰሜን ተራሮችና አካባቢው ብቻ ነው። የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ከአንድ ሜትር በላይ ይደርሳል። አዳኝ የሚመኘውም፣ ድሮ የአካባቢው ሰው ዋንጫ የሚሠራበትም ይኸው ቀንድ ነው።

ማባበያ ከስሪያ በፊት ለምን ይሠራል?

የፍየል ነጋዴ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ወጠጤ በስሪያ ሰሞን መኖ ቢቀርብለት ዞር ብሎ አያይም። እንስቷን ሲከተል ይውላል፣ ከሌላ ወጠጤ ጋር ይዋጋል፣ ጎኑ ይገባል፣ ሽታውም ገዢን ያርቃል። ሙክት የሚሰባውና በበዓል ገበያ ዋጋ የሚያወጣው ይህ ሁሉ ስለሌለበት ነው።

የዱሩም እንዲሁ ነው። ወንዱ አውሬ ከስሪያ በፊት ባሉት ሳምንታት ሐሳቡ ሆዱ ላይ ነው። ለሚመጣው የድብድብና የሩጫ ጊዜ ስብ ማጠራቀም አለበት። ስለዚህ በየቀኑ ተመሳሳይ መንገድ ይዞ፣ ከሚተኛበት ወደሚበላበት ይመላለሳል። በዚህ ጊዜ ጥሩ ምግብ አንድ ቦታ ላይ በቋሚነት ካገኘ ይለምዳል፤ አዳኙም ሰዓቱን መገመት ይችላል። ስሪያው ሲጀምር ግን ሁሉም ይገለበጣል። ወንዱ ምግብ ትቶ እንስቷን ፍለጋ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ማባበያው የሚጠራው እንስቶችን ነው፤ ወንዱም ቢመጣ እነርሱን ተከትሎ እንጂ በቆሎውን ፈልጎ አይደለም።

ወቅቱ በየእንስሳው ይለያያል። በሰሜን አሜሪካ የነጭ ጭራው አጋዘን ስሪያ በአብዛኛው በኅዳር ወር አካባቢ ያይላል፤ ስለዚህ ማባበያው የሚሠራው በመስከረምና በጥቅምት ነው። የደጋ አጋዘን ስሪያ የሚበረታው ታኅሣሥ አካባቢ ነው። የዋሊያ ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ እንስቷ አምስት ወር ያህል አርግዛ በብዛት የምትወልደው ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ በጠናበት በመስከረምና በጥቅምት ነው።

ጨው ወይስ እህል?

ብዙ ሰው ማባበያ ሲባል ወዲያው የሚመጣበት ጨው ነው። የደባርቅ ሰውም ቢሆን የጨውን ዋጋ ከማንም አይማርም። ከአፋር በግመልና በበቅሎ ወጥቶ ወደ ጎንደር ይገባ የነበረው አሞሌ ምግብ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር። ዛሬም ከብት ያለው ሁሉ ለከብቱ ጨው ያስልሳል።

ነገር ግን ጨው ለስሪያ ዋዜማ ደካማ ማባበያ ነው። እንስሳ ጨው አብዝቶ የሚፈልገው ሣሩ ለምለም በሆነበት ወቅት ነው። ለምለም ሣር ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ይበዛበታል፣ ሶዲየም ደግሞ ያንሰዋል። ይህን ጉድለት ለመሙላት አውሬው ጨዋማ አፈር፣ ሆራ ወይም የተጣለ ጨው ይፈልጋል። ከዚያም ውስጥ ይበልጥ የምትሻው የምታጠባዋ እንስት ናት። ሣሩ ሲደርቅና የስሪያው ወቅት ሲቃረብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ጨው አስቀምጦ ትልቁን ወንድ የሚጠብቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው እናትና ግልገል ነው።

ከስሪያ በፊት የሚሠራው ኃይል ሰጪ ምግብ ነው፤ በቆሎ፣ ገብስ፣ ፍራፍሬ። ይህም የራሱ አደጋ አለው። ፍየል ጎተራ ሰብሮ ገብስ ጠግቦ ሲያድር ሆዱ ተነፍቶ እንደሚሞት ገበሬው ያውቃል። የሚያመሰኳ እንስሳ ጨጓራ ከሣርና ከቅጠል ወደ እህል በድንገት መዞር አይችልም፤ ውስጡ ይኮመጥጥና ይገድለዋል። የዱር አውሬም ሳይለምድ ክምር እህል ቢያገኝ የሚደርስበት ይኸው ነው። ልምድ ያላቸው አዳኞች በጥቂቱ ጀምረው በሳምንታት ውስጥ የሚያለማምዱት፣ በአንድ ቦታ ከመከመርም ሰፋ አድርገው የሚበትኑት ለዚህ ነው።

የቦታው ጉዳይም አለ። ማባበያ የሚቀመጠው አውሬው ራሱ በሚመላለስበት መንገድ ዳር እንጂ ለአዳኙ በተመቸው ሜዳ ላይ አይደለም። ነፋሱ ከምግቡ ወደ አዳኙ መንፈስ አለበት። በተራራ አገር ደግሞ ነፋስ ሰዓት ይጠብቃል፤ ፀሐይ ስትሞቅ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲመሽና ሲቀዘቅዝ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በማለዳ ተስማሚ የነበረ መደበቂያ ማምሻውን የአዳኙን ሽታ በቀጥታ ለአውሬው ያደርሳል። ከሁሉም በላይ ግን በአንድ ማባበያ ላይ ደጋግሞ የሚተኩስ ሰው ንግዱን በገዛ እጁ ይዘጋል። አውሬው ቦታውን አይተወውም፤ የሚመጣበትን ሰዓት ብቻ ወደ ሌሊት ያዞራል።

ከወንዝ ወዲህ ፈቃድ፣ ከወንዝ ወዲያ ቅጣት

ዘዴው አንድ ቢሆንም ሕጉ ግን እንደየቦታው ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸውን አካባቢዎች እንመልከት። በሜሪላንድ በግል መሬት ላይ በማባበያ አጋዘን ማደን ሲፈቀድ ቆይቷል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ ግን ያው ድርጊት ወንጀል ነው። በቴክሳስ በግል መሬት የተፈቀደና ትልቅ ንግድ የቆመበት ነው፤ በሚኒሶታ ክልክል ነው።

ክልከላውን ያመጣው የአዳኝ ጨዋነት ክርክር ብቻ አይደለም፤ በሽታ ነው። በሚሺጋን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የከብት ሳንባ ነቀርሳ በዱር አጋዘኖች ውስጥ ተዛምቶ ተገኘ። ለመዛመቱ ትልቅ ምክንያት የተባለው ብዙ አጋዘን በአንድ ክምር ምግብ ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ተጋጥሞ መብላቱ ነው። ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በታችኛው ልሳነ ምድሩ ማባበያን አገደ። ሌላው የአጋዘንን አንጎል የሚያመነምነውና መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ ነው። ይህ በምራቅና በእዳሪ ወጥቶ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። አንድ የጨው መላሻ ቦታ በዚህ በሽታ ከተበከለ፣ ጨው ያስቀመጠው ሰው ቢሄድም በሽታው እዚያው ይቀራል።

አንድ ተጨማሪ ነጥብ ለነጋዴ ይጠቅማል። በብዙዎቹ ሕጎች ማባበያ የሚባለው ሆን ተብሎ የተቀመጠ ምግብ ነው። በማሳ ላይ የቆመ እህል ወይም በተለመደው አጨዳ የረገፈ ፍሬ በአብዛኛው እንደ ማባበያ አይቆጠርም። ክሱ የሚመሠረተው ማን አስቀመጠው፣ መቼስ ተነሳ በሚለው ላይ ነው። በአንዳንድ ቦታ ምግቡ ከተነሳ በኋላም የተወሰኑ ቀናት ማለፍ አለባቸው። ስለዚህ እዚያ ያለ ወገናችን የአንዱን ግዛት ልማድ ይዞ ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት የዓመቱን ደንብ ማንበብ ይኖርበታል።

በእኛ አገርስ?

አደንን በሕግ መግራት ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1909 በተለይ የዝሆንን አደን የሚቆጣጠር ደንብ ወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ደግሞ የአደን አዋጅ ታውጇል። በቅርቡ ዘመን መሠረት የሆኑት በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና በ2000 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 163/2000 ናቸው። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም የተቋቋመው በዚያው በ2000 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ሥርዓት አደን ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ንግድ አልነበረም። ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቦታዎች በተለይ በባሌና በአርሲ ወገን ለአደን አስጎብኚ ድርጅቶች በውል ሲሰጡ ቆይተዋል። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ አውሬው ይቆጠራል፣ ከቆጠራው ተነስቶ በዓመት ስንት ወንድ መታደን እንደሚችል ኮታ ይወሰናል፣ አዳኙ ለእያንዳንዱ አውሬ ፈቃድ ይገዛል፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አዳኝና የመንግሥት ተቆጣጣሪ አብረውት ይሄዳሉ፣ የተገደለው አውሬ ቀንድ ተለክቶ ይመዘገባል። የሚፈለገው ዕድሜው የገፋ፣ ለመንጋው የሚሰጠውን ሰጥቶ የጨረሰ ወንድ ነው።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። ለአንድ ደጋ አጋዘን ለመንግሥት የሚከፈለው የፈቃድ ገንዘብ ብቻ 15 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ደርሶ ነበር። የአስጎብኚው፣ የድንኳኑ፣ የፈረሱና የመጓጓዣው ከዚህ ውጪ ነው።

የማባበያ ነገር እዚህ ላይ ይገለጣል። ይህን ያህል ዋጋ በሚያወጣው በደጋ አጋዘን አደን የተለመደው ዘዴ በቆሎ በትኖ መጠበቅ አይደለም። ከፍ ያለ ቦታ ይዞ በመነጽር ሸለቆውን ለቀናት መቃኘት፣ ቀንዱን ከሩቅ መገመት፣ ከዚያ ነፋስ ጠብቆ መቅረብ ነው። ደንበኛው የሚከፍለውም ለዚህ ድካም ጭምር ነው። ማባበያ በኢትዮጵያ የአደን ገበያ ላይ የሚጨምረው ዋጋ አነስተኛ ነው ማለት ነው።

ደባርቅ ለምን አይሆንም?

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ታወጀ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1996 የዋሊያ ቁጥር በማሽቆልቆሉና በሌሎች ችግሮች ሳቢያ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ ከዝርዝሩ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ለዚያ ሲባል ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. መኖሪያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። በፓርኩ ውስጥ አደን የለም። ዋሊያም ፓርኩ ውስጥ ይሁን ከፓርኩ ውጪ ጥብቅ ጥበቃ የሚደረግለት እንጂ በፈቃድ የሚሸጥ አውሬ አይደለም።

ይህ ክልከላ ያለ ምክንያት አልመጣም። ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ጠመንጃ በአካባቢው ሲበዛ የዋሊያ ቁጥር ወርዶ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከ150 እስከ 200 ብቻ እንደቀረ ተገምቶ ነበር። ጥበቃው ሲጠናከር አገግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ860 በላይ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ዘለቀ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። ጥበቃው ላላ፣ መሣሪያው በዛ። እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረገው ቆጠራ የተገኙት ዋሊያዎች ከ300 ጥቂት የሚበልጡ ብቻ ናቸው። ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ከግማሽ በላይ ጠፍቷል ማለት ነው።

አንዳንዱ ነጋዴ «እኔ አልተኩስም፤ ጨው ብቻ አስቀምጣለሁ፣ ጎብኚ ፎቶ ያነሳል» ሊል ይችላል። ይህም ቢሆን ከጉዳት ነፃ አይደለም። በተራሮቹ ግርጌ የቤት ፍየልና በግ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ይሰማራሉ። ጨው ገደል ጫፍ ላይ ቢቀመጥ ፍየሉም ዋሊያውም አንድ ድንጋይ ይልሳሉ። በአገራችን በበግና በፍየል ላይ የሚመላለሰው ደስታ መሰል በሽታ በምራቅና በንፍጥ ይተላለፋል። ይህ በሽታ የዱር አውሬ ሲይዝ ምን እንደሚያደርግ በሞንጎሊያ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ሳይጋ የተባለውን የበረሃ አውሬ ይዞ ከአገሪቱ መንጋ ከግማሽ በላይ ፈጅቷል። ያ መንጋ በሺዎች የሚቆጠር ስለነበር የሚተርፍ አልጠፋም። የእኛው 300 ነው።

ለመሆኑ ቼነቅ ላይ ዋሊያና ጭላዳ ያለ አንዳች ማባበያ በቅርብ ይታዩ የለም ወይ? የሚታዩት በጨው ተጠርተው ሳይሆን ለዓመታት ሳይተኮስባቸው በመቆየቱ ሰውን ስለለመዱ ነው። አንድ ወቅት ቢተኮስባቸው ያ ልማድ ይጠፋል፤ በጨውም አይመለስም።

ስሌቱ በወረቀት ላይ

ነጋዴ ያለ ቁጥር አያምንምና ሒሳቡን እንሥራው። በዓለም ላይ ለዋሊያ የሚቀርበው የንግድ ምሳሌ የፓኪስታኑ ማርኮር ነው፤ እርሱም የተራራ ፍየል፣ እርሱም ትልቅ ቀንድ ያለው። ፓኪስታን በዓመት ጥቂት ፈቃዶችን ለጨረታ ታወጣለች፤ አንዱ ፈቃድ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ከገቢው 80 በመቶው ለአካባቢው ማኅበረሰብ ይሰጣል። ሰዉ ማርኮሩን የሚጠብቀው የራሱ ገንዘብ ስለሆነ ነው። ቁጥሩም አድጎ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም የጥበቃ መዝገብ የነበረበት የአደጋ ደረጃ ዝቅ ተደርጎለታል።

«እንግዲያው ዋሊያንስ እንዲሁ ብናደርገው?» የሚለው ሐሳብ የሚፈተሸው እዚህ ጋ ነው። በእንዲህ ዓይነት አደን በዓመት ሊወሰድ የሚችለው በተለምዶ ከጠቅላላው ቁጥር 1 ወይም 2 በመቶ ነው። ከ300 ዋሊያ ይህ ከ3 እስከ 6 ወንድ ማለት ነው። በማርኮር ዋጋ ቢሸጥ በዓመት ከ300 ሺህ እስከ 600 ሺህ ዶላር ይሆናል። ቁጥሩ አፍ ያስከፍታል። ግን ሦስት ነገር ተረስቷል። አንደኛ፣ የማርኮሩ ንግድ የቆመው ቁጥሩ በሺዎች ሆኖ በየዓመቱ እያደገ ባለ መንጋ ላይ ነው፤ የዋሊያው መንጋ እየቀነሰ ነው። ዋና ገንዘቡ በየዓመቱ እያለቀ ያለ ሰው ወለድ አወጣለሁ ቢል የሚያወጣው ከዋናው ነው። ሁለተኛ፣ ያን ያህል የሚከፍል አዳኝ ሰላም፣ መንገድና የመውጫ ሰነድ ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ የዓለም ቅርስነቱ እንደገና አደጋ ላይ ቢወድቅ የሚጎዳው አዳኙ ሳይሆን የደባርቅ ባለሆቴል፣ መንገድ መሪ፣ ባለበቅሎና ምግብ አብሳይ ነው።

አንድ የተገደለ ዋሊያ አንዴ ይሸጣል። ቼነቅ ላይ የቆመ ዋሊያ ግን ጎብኚ በመጣ ቁጥር ይሸጣል፤ ገንዘቡም ከመግቢያ ትኬት ጀምሮ እስከ ስካውቱ፣ እስከ በቅሎ ኪራዩና እስከ ዳቦ ጋጋሪዋ ይበተናል። ጎብኚ በሌለበት በግጭት ዘመን ይህ ሁሉ መቋረጡ እውነት ነው፤ ረሃብም አደን እንደሚወልድ አይካድም። ቢሆንም ሰላም ሲመጣ ጎብኚው የሚመለሰው አውሬው ከተረፈ ብቻ ነው።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ የዋሊያ ቀንድ፣ ቆዳ ወይም የዱር ሥጋ «ገዢ አገናኘኝ» የተባለ ደላላ እጁን ይሰብስብ። በ1999ኙ አዋጅ የተደነገገው ቅጣት ከ5 ሺህ እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እሥራት ወይም ሁለቱንም የሚያስከትል ነበር። ኮሚሽኑ ይህን አይሸፍንም።

ሁለተኛ፣ ጨው ሻጭ ጨዉን ለከብት ባለቤት ይሽጥ፤ ገዢውንም ጨዉን በበረቱ እንዲያስልስ ይምከረው። ፍየልና በግ ያለው ደግሞ ክትባቱን አይዝለል። ይህ ለመንጋውም ለዋሊያውም መድን ነው።

ሦስተኛ፣ በእውነት በአደን ንግድ መሰማራት የሚፈልግ ባለሀብት ደባርቅ ሳይሆን አዲስ አበባ የሚገኘው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ዘንድ ይሂድ። ገንዘብ ከመክፈሉ በፊትም ሦስት ወረቀት ይጠይቅ፤ የቦታውን ውል፣ የቅርብ ጊዜውን ቆጠራና በዚያ ላይ የተመሠረተውን ኮታ፣ በሥራ ላይ ያለውን ደንብና ታሪፍ። በየትኛው ዘዴ ማደን እንደሚፈቀድም ማባበያን ጨምሮ በጽሑፍ ያስመልስ። «ሰው አለኝ» የሚል ደላላ ከሦስቱ አንዱን አይተካም።

አራተኛ፣ ውጭ አገር የሚያድን ወገን በየዓመቱ የግዛቱን ደንብ ያንብብ። ፈቃዱን ካገኘም ጨዉን ለሣር ወቅት ትቶ እህሉን ከስሪያው ሳምንታት በፊት፣ በጥቂቱ፣ ተበትኖ፣ ነፋስ ተጠብቆ ያቅርብ።

አምስተኛ፣ ገንዘቡን በደባርቅና በዳባት ማሳረፍ የሚፈልግ ሰው ገበያው ራሱ የሚያሳየው ሥራ አለ። በግና ፍየል የሚያሰባ ገበሬ ፋጉሎና ፉርሽካ ይፈልጋል፤ የከብት መድኃኒት ይፈልጋል፤ ለገብሱ ነቀዝ የማይገባው መጋዘን ይፈልጋል። ያው ጨውና ያው ገብስ በሙክት በኩል ሲያልፉ ሕጋዊ ናቸው፣ ለበዓል ይደርሳሉ፣ ገዢያቸውም የታወቀ ነው። የመኖው ሥራ ተራራው ላይ የሚሰማራውን መንጋ ወደ በረት የሚያወርድ ከሆነ ደግሞ ገደሉ ለዋሊያው ይለቀቅለታል፤ ጎብኚው ሲመለስም የሚያየው አያጣም።